ሽንት፣ ደምና አድራሻ፦ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ለሚሮጡ አትሌቶች የሚስማማው ምርመራ የትኛው ነው?

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. (2016 እ.ኤ.አ.) የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ማኅበራት ፌዴሬሽን ምክር ቤት በሞናኮ ተሰብስቦ፣ የፀረ አበረታች ቅመም ሥራቸው አስቸኳይ እርማት ይሻል ያላቸውን አምስት አገሮች ይፋ አደረገ። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር ተጠራች። ከዚያ ወዲህ በአገር ደረጃ ኃላፊነቱን የሚሸከም ተቋም ተቋቁሟል፤ የምርመራውም ቁጥር አድጓል። ይሁን እንጂ ክርክራችን እስከ ዛሬ የሚያጠነጥነው በቁጥር ላይ ነው፦ ስንት አትሌት ተመረመረ፣ ስንቱ ተቀጣ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ሌላ ነው። ከ«ስንት» በፊት «በምን ዘዴ፣ በስንት ሰዓትና የማን በር ተንኳኩቶ» የሚለው መቅደም ይኖርበታል።

በቅድሚያ ዘዴውን እንመልከት። የሽንት ምርመራ ለአብዛኞቹ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች አሁንም ዋነኛው መሣሪያ ነው። ለረጅም ርቀት ሯጭ እጅግ አጓጊ በሆነው በኢፒኦ ላይ ግን ድክመት አለበት። ይህ መድኃኒት ለኩላሊት ሕሙማን የተሠራ ሆኖ ቀይ የደም ሕዋስን ያበዛል። በትንንሽ መጠን በምሽት በደም ሥር የወሰደው ሰው በማግስቱ ረፋድ ሽንት ቢሰጥ ምልክቱ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል፤ የመድኃኒቱ ጥቅም ግን ለሳምንታት አብሮት ይሮጣል። ስለዚህ በውድድር ቀን በመጨረሻው መስመር ላይ የሚሰበሰብ ሽንት የሚይዘው ባብዛኛው ያልተጠነቀቀውን ነው።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአትሌት ባዮሎጂካል ፓስፖርት ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው። ፓስፖርቱ መድኃኒቱን ራሱን ሳይሆን መድኃኒቱ በሰውነት ላይ የተወውን አሻራ ይፈልጋል፤ የአትሌቱን ሂሞግሎቢንና ለጋ ቀይ የደም ሕዋሳት ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ የቀደሙ ውጤቶች ጋር ያነጻጽራል። ለእኛ አካባቢ ተስማሚ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሰበታም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የኖረ ሰው ደም በቆላ ከሚኖረው ይለያልና፣ ለሁሉም አንድ ወጥ ጣሪያ ማበጀት ንጹሑን ሊያስጠረጥር፣ አጭበርባሪውን ሊሸሽግ ይችላል። ነገር ግን ፓስፖርቱ የራሱ ግዴታዎች አሉት። ከልምምድ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደም መቅዳት አይገባም፤ ናሙናው በቅዝቃዜ ተጠብቆ በቶሎ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፤ አትሌቱ በቅርቡ የቆየበት ከፍታም በቅጹ ላይ በትክክል መስፈር አለበት። ሦስት ሳምንት አውሮፓ ተወዳድሮ ወደ ሱሉልታ የተመለሰ ሯጭ ይህ ካልተጻፈለት ደሙ ያለ ጥፋቱ ይናገርበታል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አድራሻ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ በምርመራ ቋት ውስጥ የገባ አትሌት በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚገኝበትን የአንድ ሰዓት ቆይታና ቦታ አስቀድሞ ያስመዘግባል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘ ወይም መረጃውን ካላሟላ፣ አንዲት ጠብታ ሳይሰጥ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። ሕጉ የተጻፈው መንገዱ ስም፣ ቤቱ ቁጥር ላለው አገር ነው። በቡራዩ በኪራይ ክፍል የሚኖር ወጣት አድራሻውን ሲናገር «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ሰማያዊ በር» ይላል። ኪራይ ሲጨምር ደግሞ ወደ ሌላ ግቢ ይሄዳል። ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ የአስተዳደር ክፍሎቻቸውም ተለውጠዋል። በዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን አለ፤ «አሥራ ሁለት ሰዓት» ብሎ የመዘገበው ልጅ የፀሐይ መውጫን አስቦ ሊሆን ይችላል፣ ሥርዓቱ ግን እኩለ ቀን አድርጎ ያነበዋል። መርማሪው በቀትር ሲመጣ ልጁ እንጦጦ ላይ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም ሆን ብሎ የሚሰወረው ሰው የሚሸሸገው በዚሁ ግርግር ውስጥ ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት፣ የእያንዳንዱን አትሌት በር በሳተላይት መጋጠሚያ መመዝገብና ሰዓቱን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ ሰው በየከተማው መመደብ ይቀድማል። ወጪውም ቀላል ነው።

ማጭበርበርን በተመለከተ መከላከያው ታውቋል። አትሌቱ ከተነገረው ቅጽበት ጀምሮ እስከሚፈርም ድረስ ከዓይን መለየት የለበትም፤ ምክንያቱም የጨው ውኃ በደም ሥር ለመጨመርም ሆነ የሌላ ሰው ሽንት ለማምጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሽንት ሲሰጥ በተመሳሳይ ጾታ መርማሪ ፊት ነው፤ መጠኑ ከ90 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም። በውኃ የቀጠነ ናሙና ከሆነ ሌላ ይጠየቃል። ወንድም በወንድሙ ፈንታ ቢቀርብስ? ፎቶግራፍ ያለው መታወቂያ ማመሳከር እዚህ ላይ የወረቀት ሥርዓት ብቻ አይደለም።

በዚህ መካከል ሳያውቁ የሚጠፉትም አሉና አንድ ልማዳችንን ላንሣ። ደከመኝ ያለ ሰው ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ይተከልለታል። በዋዳ ሕግ ግን በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ጥገና ወይም በክሊኒካዊ ምርመራ ምክንያት ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው፤ የተሰጠው ግሉኮስ ብቻ ቢሆንም። ጫትም እንዲሁ፦ በውስጡ ያለው ካቲን በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ በውድድር ጊዜ ያስቀጣል። ይህን ለአትሌቱ ብቻ ሳይሆን በሱሉልታ ለሚሠራው የክሊኒክ ነርስም መንገር ያስፈልጋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ የራሳችን እውቅና ያለው ላብራቶሪ ይገንባ ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዋዳ እውቅና ለመስጠት በዓመት ቢያንስ 3,000 ናሙና መመርመርን ይጠይቃል፣ መሣሪያውና ባለሙያውም ውድ ናቸው። ለፓስፖርት ደም የሚሆን ላብራቶሪ በናይሮቢ አለ፤ ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት በረራ ነው። ገንዘቡ ቢኖረን በሁለተኛው ረድፍ ሯጮች ላይ ባውለው እመርጣለሁ። ታዋቂዎቹ በዓለም አቀፉ አካል በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ለዓለም ሻምፒዮና የሚሰለፍ ኢትዮጵያዊ ከውድድሩ በፊት ባሉት አሥር ወራት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲመረመር ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገደዳል። ስሙ ያልታወቀው፣ በአንዲት የጎዳና ውድድር ሽልማት የቤተሰቡን ዕዳ ሊከፍል የሚያስበው ወጣት ግን በሩን የሚያንኳኳ የለውም፤ ወኪልና «መርፌ አውቃለሁ» ባይ ሰው ግን አያጣም። በውጭ አገር ለመወዳደር የብሔራዊ ፌዴሬሽን ፈቃድ ያስፈልገዋል። እንግዲያው ፈቃዱን የጠየቀ ሁሉ በዕጣ ሊወጣ እንደሚችል እያወቀ፣ ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ፣ ማለዳ፣ በኪራይ ቤቱ ደጃፍ ደምና ሽንት እንዲሰጥ ይደረግ።