ኤኬበርግ በብርዱ ወራት

በታኅሣሥ ወር ኦስሎ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ባለፈው እሑድ፣ ከቤት መውጣት የተወ አንድ ወንድማችንን በልመና አስነስተን፣ ገና በአምስት ሰዓት ከጋምለ ኦስሎ ተነስተን ኤኬበርግን ወጣን። እንጦጦን ለሚያውቅ እግር ጉብታ ነው፤ በረዶው ግን ያንሸራትታል፤ ጫማ ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ አትርሱ።

ከላይ ሆኖ ሲያይ ወንድማችን «ሐይቁ! ከቤዛዊት ጣናን የማይ መሰለኝ» አለ። የባሕር ክንድ እንጂ ሐይቅ አይደለም ብንለው «ለእኔ ጣና ነው» ብሎ ዘጋን። ከስንት ሳምንት ዝምታ በኋላ ነውና ማን ይከራከረዋል!

ከሥራችን ያለው የአሮጌው ከተማ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1624 ሲቃጠል ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ ሕዝቡን ወደ አኬርስሁስ ምሽግ ሥር አዛውረው ከተማውን በስማቸው ክርስቲያኒያ አሰኙት። ኦስሎ የሚለው ስም የተመለሰው በ1925 ነው። «ሦስት መቶ ዓመት ጠብቃ አስመለሰች በለኛ!» ብሎ ሳቀ።

የዚህ ወቅት ፀሐይ ቫይታሚን ዲ አትሰጥምና የዓሣ ጉበት ዘይታችሁን ዋጡ። በመጪው እሑድም በዚያው ሰዓት እንወጣለን፤ ቡናውን በፔርሙዝ እሱ ይዛል።