ከሱቅ መዝገብ ወደ አውራጃ ግምጃ ቤት

በአሜሪካ አገር «ካውንቲ» የሚባሉ ከ3 ሺህ የሚበልጡ አውራጃዎች ይገኛሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ሕዝብ በድምፁ በሚመርጣቸው ኮሚሽነሮች ነው። የኮሚሽነርነት ሥራ ከሩቅ ለሚያየው ታላቅ አይመስልም፤ ኮሚሽነር ጦር አያዝም፥ ከባዕድ መንግሥትም ጋራ ውል አይዋዋልም። ነገር ግን የአውራጃው መንገድ የሚጠገነው፥ ድልድዩ የሚሠራው፥ የግብሩም ገንዘብ ለዚህ ይሁን ለዚያ ተብሎ የሚመደበው በእርሱና በባልንጀሮቹ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቤተ ሰብ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ለደጃፉ የሚቀርበው የአውራጃው ሹም ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ለዚህ ሹመት ከሚወዳደሩት መካከል ባለ ሱቁ፥ ባለ ጋራዡ፥ ባለ ምግብ ቤቱ፥ በጠቅላላው አነስተኛ ነጋዴ የሆነው ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመራጮች የሚያቀርበው ምክንያት አንድ ነው፤ «የራሴን ሱቅ እንዳስተዳደርሁ የእናንተንም ገንዘብ አስተዳድራለሁ» ይላል። በዚያ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም በንግድ የሚተዳደሩ ስለ ሆኑ፥ አንዱ መራጭ ሆኖ ይህን ቃል ሊሰማ፥ ሌላውም ተመራጭ ለመሆን ይህንኑ ሊናገር ይችላል። እንግዲህ ቃሉ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ፥ ታሪኩ በሚገባ በተጻፈ በአንድ ሰው ሕይወት እንመርምረው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሃሪ ትሩማን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተመለሱበት በ1919 ዓ.ም.፥ ኤዲ ጃኮብሰን ከተባሉ የጦር ጓደኛቸው ጋራ በማኅበር ሆነው፥ በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ ከተማ የወንዶች ልብስ መሸጫ ሱቅ ከፈቱ። ሸሚዝና ክራቫት፥ ቀበቶና ባርኔጣ ይሸጡ ነበር። ከደንበኞቻቸውም ብዙዎቹ፥ ትሩማን በፈረንሳይ ጦር ሜዳ በሻምበልነት ያዘዟቸው የመድፈኛ ወታደሮች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ንግዱ ሰመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የእህል ዋጋ ወደቀ፤ የገበሬው ኪስ ሲራቆት የከተማውም ገበያ ቀዘቀዘ፤ በውድ ዋጋ የተገዛውም ዕቃ በርካሽ እንኳ የሚያነሣው ታጣ። ሱቁ በ1922 ዓ.ም. ተዘጋ፤ የባንክና የጅምላ ነጋዴዎች ዕዳ ግን ከሱቁ ጋራ አልተዘጋም።

ትሩማን ለጃክሰን አውራጃ የምሥራቅ ክፍል ሹመት የተወዳደሩት በዚሁ በ1922 ዓ.ም. ነው። የሹመቱ ስም በጊዜው «ዳኛ» ይባል እንጂ ሥራው ፍርድ መስጠት አልነበረም፤ ዛሬ ኮሚሽነር የሚባለው ሰው የሚሠራውን፥ መንገድንና ግብርን፥ የአውራጃውንም ሕንፃዎች ማስተዳደር ነበር። በፓርቲያቸው ውስጥ በተደረገው ምርጫ ተፎካካሪዎቻቸውን ያሸነፉት ከ300 ባነሰ የድምፅ ብልጫ ነው፤ በኅዳሩም አጠቃላይ ምርጫ ሹመቱን አገኙ። በ1924 ዓ.ም. ተሸንፈው ከሹመት በወጡ ጊዜ ለአንድ የአውቶሞቢል ክበብ አባላትን እየመዘገቡ ኑሯቸውን ገፉ። በ1926 ዓ.ም. የአውራጃው ሸንጎ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ፤ በ1930 ዓ.ም.ም ዳግመኛ ተመረጡ።

እንግዲህ የነጋዴውን ጠባይ በሁለት ነገር ልናየው እንችላለን። የመጀመሪያው ዕዳቸው ነው። ማኅበርተኛቸው ጃኮብሰን በ1925 ዓ.ም. በሕግ ፊት የኪሣራ መግለጫ ሲያቀርቡ፥ ትሩማን ግን ይህን መንገድ አልወደዱም፤ ከባለ ዕዳዎቹ ጋራ እየተስማሙና እየከፈሉ ለማቃለል ቈረጡ። ነገሩ ከ10 ዓመት በላይ ተከተላቸው። በአንድ በኩል በፊርማቸው ሚሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስ ሹም ነበሩ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የተዘጋ ሱቅ ዕዳ በራሳቸው ላይ ነበረ። በሰው ገንዘብና በገዛ ችግር መካከል ቆሞ እጅን መሰብሰብ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ፥ ባለ ዕዳ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የመንገዱ ሥራ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጃክሰን ሕዝብ ለመንገድ የሚውል 6.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንዲፈቅድ ተጠየቀ። ትሩማን አስቀድመው መንገዶቹን መሐንዲሶች እንዲመረምሯቸው አድርገው ነበር፤ ውሉም በዝቅተኛ ዋጋ ጥሩ ሥራ ለሚያቀርበው ተቋራጭ፥ ማንም ይሁን ማን፥ እንደሚሰጥ ለሕዝቡ ተናገሩ። ሕዝቡም አምኖ ፈቀደ። ውሉ ከሌላ ግዛት ለመጣ ተቋራጭ እንኳ ተሰጠ፤ ከ200 ማይል በላይ የሆነ መንገድ ተሠራ። መንገዱ የእናታቸውን እርሻ በነካ ጊዜም፥ ልጅዋ ሹም ስለ ሆነ እናቲቱ ካሣ ሳይከፈላት ቀረ። ነገሩ እናትን መበደል ነው የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ ሆኖም የሕዝብን ሣጥን ከቤተ ዘመድ እጅ ለመለየት የተከፈለ ዋጋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሙሉውን ሳንናገር ብናልፍ አንባቢውን ማታለል ይሆንብናል። ትሩማንን ለውድድር ያቀረባቸው፥ የከተማውን የፖለቲካ ቡድን እንደ ግል ርስቱ ይገዛ የነበረው የቶም ፔንደርጋስት ቤተ ሰብ ነበር። ጌታው ሥራን ለወዳጆቹ፥ ውልንም ለባልንጀሮቹ ማደል ልማዱ ስለ ነበረ፥ የመንገዱ ውል እንደ አሳቡ ስላልሆነለት ተቋራጮቹ ትሩማንን በፊቱ ከሰሷቸው። እሳቸውም ለሕዝብ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም ብለው ጸኑ።

ይሁን እንጂ በሁሉ አልጸኑም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ለብቻቸው በሆቴል ተቀምጠው ለራሳቸው የጻፉት፥ ከሞታቸውም በኋላ የታተመ ማስታወሻ አለ። በዚያም፥ ሌቦች ከመንገዱ ብድር ከሚሊዮን በላይ እንዳይዘርፉ ለማስቀረት ሲሉ፥ የጌታው ወዳጅ የሆነ አንድ ሰው ከአውራጃው ገንዘብ 10 ሺህ ዶላር ያህል ሲወስድ ዝም ማለታቸውን ገልጠዋል። ወዲያውም «ደግ አደረግሁን? ወይስ የወንጀሉ ተባባሪ ሆንሁ?» በሚል አሳብ ራሳቸውን ጠይቀው፥ መልሱን እንደማያውቁት ጻፉ።

ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል እንደሚባለው፥ የዚህ ወዳጅነት ነቀፌታ ትሩማንን በ1934 ዓ.ም. ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እስከ ተመረጡበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ተከትሏቸዋል። ፔንደርጋስት በ1939 ዓ.ም. የገቢ ግብር በመደበቅ ተፈርዶበት ወደ ወኅኒ ገባ። ትሩማን ግን በ1945 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1951 ዓ.ም. የኛ የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ በዘመተ ጊዜም የአሜሪካ መሪ እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ሱቅ ሰውን ብዙ ነገር ያስተምራል፤ ገቢና ወጪን ማስተያየትን፥ ለሠራተኛ ደመወዝን በቀኑ መክፈልን፥ ተቈጥቶ የመጣን ደንበኛ በትዕግሥት መስማትን ያስተምራል። ይህ ሁሉ ለሹም ይጠቅማል። ነገር ግን በሱቅና በግምጃ ቤት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ነጋዴ በሱቁ ለወዳጁ ዋጋ ቢቀንስ የሚጐዳው የገዛ ኪሱ ነው፤ ሹም ለወዳጁ ውል ቢሰጥ ግን የሚጐዳው በስብሰባው ያልተገኘው ድኻ ግብር ከፋይ ነው። በሱቅ ውስጥ ቸርነት የተባለው ነገር በግምጃ ቤት ስርቆት ይሆናል።

ስለዚህ ነጋዴ ለምርጫ ሲቀርብ መራጩ ቤተ ሰብ ሱቁ ማትረፉን ብቻ አይጠይቅ፤ የትሩማን ሱቅ ከስሯልና። ይልቁንም በከሰረ ጊዜ ለባለ ዕዳዎቹ ምን አደረገ? ለውድድሩ ገንዘብና ድጋፍ የሰጠው ማን ነው? ያ ሰው ነገ መጥቶ ዋጋዬን ክፈለኝ ቢለው ምን ይመልስለታል? ብሎ ይጠይቅ። ለመመረጥ ያሰበ ወገናችንም ስሙን ከማስመዝገቡ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች በማዕዱ ዙሪያ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋራ ይመርምር፤ የሹመት ውለታ እንደ ሱቅ ዕዳ ሁሉ መላውን ቤት የሚይዝ ነውና።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል የቈየ ተረት አለ። ያ የከሰረ ነጋዴ በሆቴል ክፍሉ ሌሊት ሲጽፍ የቈጨው ግን ራሱ ያልበላው አልነበረም፤ ሌላው ሲበላ ዝም ማለቱ ነበር።