እርምጃ ቆጣሪው አምባርና የውኃው ጀሪካን

በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በእጃቸው አንጓ ላይ ቀጭን የጎማ አምባር አስረው ይታያሉ። ዋጋው ከብዙ ስማርት ሰዓቶች ያነሰ በመሆኑ ገዢው በዝቷል። አምባሩ በቀን ስንት እርምጃ እንደ ሄድን፣ ልባችን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ መታ፣ ስንት ካሎሪ እንዳቃጠልን ይነግረናል ተብሎ ይሸጣል። ከነዚህ ሦስት ወሬዎች የትኛው ሊታመን፣ የትኛውስ ሊጠረጠር እንደሚገባ በዛሬው ዓምዳችን ለመመርመር አስበናል።

አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን አስቀድመው ሁለት ቃላትን ለይተው እንዲይዙልን እንለምናለን። «መቁጠር» ማለት ነገሩ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ነው፤ «መመዘን» ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ ነው። ብርቱካን ሻጭ ብርቱካኑን ሊቆጥረውም ሊመዝነውም ይችላል፤ ሂሳቡ ግን አንድ አይሆንም። የምንናገርለት አምባር ይቆጥራል እንጂ አይመዝንም።

በውስጡ ያለው ዋና መሣሪያ እጅግ ትንሽ የሆነ የእንቅስቃሴ መለኪያ ነው። ክንዳችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ መለኪያው ይሰማዋል፤ የእርምጃ መልክ ካገኘበትም «አንድ» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ በደልዳላ መንገድ እጁን እያወዛወዘ ለሚሄድ ሰው ቁጥሩ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። እጁን በኪሱ ከትቶ ለሚሄድ ወይም ጋሪ ለሚገፋ ግን ይጎድላል። በሙቀጫ ቡና ለምትወቅጥ ሴት ደግሞ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ እርምጃ ሊጽፍላት ይችላል።

«በቀን 10,000 እርምጃ» የሚለው ልክ ከሐኪም የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ታሪኩ ሌላ ነው። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት፣ ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965፣ አንድ የጃፓን ሰዓት ሠሪ ድርጅት በወገብ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አወጣ። ስሙንም «ማንፖ ኬይ» አለው፤ ትርጓሜው «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ቁጥር ከንግድ ስም የተወረሰ ነው። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የወጣ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆነ 16,741 ሴቶችን ተከታትሎ፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ ከሚሄዱት መካከል የሞቱት፣ 2,700 ያህል ብቻ ከሚሄዱት ጋር ሲተያዩ፣ በ41 ከመቶ አንሰው አገኛቸው። ጥቅሙም ወደ 7,500 ሲደርስ መጨመሩን አቆመ። ቀኑን ሙሉ ከወንበር ለማይነሣ ሠራተኛ ይህ የምሥራች ነው፤ አምባሩም «ዛሬ ከትናንት አንሰሃል» ብሎ ሲያስታውሰው መልካም አገልግሎት ይሰጠዋል።

ስለ ልብ ምትና ስለ ካሎሪ ግን እንጠንቀቅ። የልቡን ምት አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ በደም ሥር ውስጥ ካለው የደም መዋዠቅ ይገምታል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን ሲፈትኑ ስድስቱ የልብን ምት ከ5 ከመቶ ባነሰ ስሕተት ለኩ። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 ከመቶ ተሳሳተ፤ የባሰበትም 93 ከመቶ። ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ስሕተቱ ከፍ ማለቱም ታይቷል፤ ይህ ለእኛ አገር ሰው የሚናቅ ነገር አይደለም። ልቡ የሚያስቸግረው ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው አምባሩን አይቶ ከሐኪም ቤት መቅረት የለበትም።

ከሁሉ የሚብሰው ጉድለት ግን ከቢሮ ወጥተን ሰው በሚሸከምበት መንገድ ላይ ስንሄድ ይታያል። በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት፣ መንደር 8 የሚባል ስፍራ አለ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ድንበሩን በእግራቸው ተሻግረው ወደ ሐምዳይትና ወደ መንደር 8 ገቡ፤ ከዚያም ብዙዎቹ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ሰፈሮች ተወሰዱ። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሱዳን በራሷ ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሕዝቧ ለስደት ተዳረገ። የአገሩ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል።

ስፌር የተባለው ዓለም አቀፍ የርዳታ መመሪያ በስደተኞች ሰፈር ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ እንዲደርስ፣ የውኃው ቦታም ከቤት ከ500 ሜትር እንዳይርቅ ያዛል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ እንግዲህ 75 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ጊዜ መመላለስ ነው። ቧንቧው በመመሪያው ጫፍ፣ በ500 ሜትር ላይ ቢተከል፣ እናቲቱ በቀን 4 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። እርምጃዋ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 5,700 ያህል እርምጃ ማለት ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም ምሳውን በልቶ ሲንሸራሸር ይህንኑ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። እርስዋ ግን ግማሹን መንገድ የሄደችው 20 ኪሎ ተሸክማ ነው። ይባስ ብሎ ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ ገመዱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ስትይዝ ክንዷ ስለማይወዛወዝ፣ አምባሩ ከባዱን እርምጃ ሳይቆጥር ሊያልፍ፣ በባዶ ጀሪካን የሄደችውን ብቻ ሊጽፍ ይችላል።

ሆኖም ይኸው ርካሽ አምባር በዚያው ስፍራ ለሚሠራ ባለሥልጣን ጥሩ ረዳት ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ በሜትር የተለካ 100 ሜትር ይሂድና የራሱን እርምጃ ይወቅ። ከዚያ እጁን እያወዛወዘ ከመጨረሻው ድንኳን እስከ ቧንቧው ይራመድ። እርምጃው 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ቁጥሩ ከ715 ካለፈ፣ ቧንቧው ከተፈቀደው በላይ ርቋልና ሪፖርቱን ሲጽፍ ይህን ያመልክት። የተሸካሚዎቹን ድካም ግን ከዚህ ቁጥር ለማውጣት አይሞክር፤ ጀሪካኑን ይመዝን፣ ሴቶቹንም ራሳቸውን ይጠይቅ።

ለመግዛት ለሚያስቡ፦ እርምጃውን ያለ ስልክ በራሱ መስኮት የሚያሳየውን ይምረጡ፤ መብራት በሌለበት አገር ለሚሠሩም አንድ ጊዜ ኃይል ከተሞላ ቢያንስ ሳምንት የሚቆየው ይሻላል። በሙቀት ጊዜ ላብ ከጎማው ሥር ቆዳን ያሳክካልና ማታ ማታ አውልቀው እጃቸውንም አምባሩንም ይጠቡ።