የስልክ ኮንትራት፣ የማቋረጫ ክፍያ እና የሙስሊም ቃል



እዚህ እንግሊዝ አገር የምንኖር ሐበሻ ሙስሊሞች ብዙዎቻችን ስልክ የምንይዘው በኮንትራት ነው። ኮንትራቱ ሲፈረም አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያስረው ግን እስከ 24 ወር ነው። በመሀል ሥራ ይጠፋል፣ ቤት ይቀየርና ኔትወርኩ አዲሱ ሰፈር አይደርስም፣ ወላጅ ይታመምና አገር ቤት መሄድ ይመጣል። ሰውየው «አቋርጡልኝ» ሲል የቀሪው ወራት ሒሳብ ተደምሮ በአንድ ጊዜ ይላክለታል። በወር 25 ፓውንድ የሚከፍል ሰው 14 ወር ቢቀረው 350 ፓውንድ ማለት ነው። ለሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ይህ የሳምንት እንጀራ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው ወደ መስጂዳችን የሚመጡ ሰዎች ቀድመው ምክር ሰምተው ነው የሚመጡት። ምክሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «የካፊር ኩባንያ ነው፤ ዳይሬክት ዴቢቱን ዝጋና እርሳው» ይላል። ሁለተኛው «አንዴ ፈርመሃል፤ ሶብር አድርገህ ክፈል» ይላል። እኛ ሁለቱም ስህተት ናቸው እንላለን። ምክንያታችንን እናስረዳ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ሱረቱል ማኢዳ ሲጀምር አላህ (ሱ.ወ) ያመኑትን ጠርቶ ቀድሞ የሚያዛቸው ውሎችን እንዲሞሉ ነው። ውሉ ከሙስሊም ጋር ከሆነ ብቻ ብሎ አልለየም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ሊገድሏቸው የተማከሩት ቁረይሾች ንብረት በእጃቸው በአማና ነበር። ዓሊይን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት አማናውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው። ነፍሳቸውን ለሚፈልግ ጠላት አማናውን ከመለሱ፣ ሲም ለሸጠልን ኩባንያ ቃላችንን የምናፈርስበት ማስረጃ ከየት ይመጣል? ዕዳ ኖሮበት የሞተን ሰው ጀናዛ አንድ ሶሓባ ዕዳውን እስኪሸከምለት ድረስ ራሳቸው ሊሰግዱበት እንዳልፈለጉም እናውቃለን። ዕዳ በዲናችን ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ምክር ደግሞ ሶብርን ካለቦታው ያስቀምጣል። ሶብር አላህ በወሰነው ላይ ነው፤ ሰው ያለ አግባብ የጻፈው ቢል ግን ቀደር ነው ተብሎ ዝም አይባልም። አንድ አበዳሪ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) በሻካራ ቃል ሲጠይቅ ሶሓቦች ተቆጡ። እሳቸው ግን ባለ ሐቅ የመናገር መብት እንዳለው አስተምረው አስቆሟቸው። ሐቅ ያለው ሰው ይናገራል፤ ይህ ሱና ነው።

ታዲያ የማቋረጫ ክፍያ ራሱ በሸሪዓ ምንድን ነው? ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ኢማም አል-ቡኻሪ በሸርጦች ምዕራፍ ያወሱት ታሪክ አለ። አንድ ሰው የመጓጓዣ እንስሳ ከሚያከራይ ሰው ጋር ይስማማል፤ በዚህ ቀን ካልሄድኩ መቶ ዲርሃም ያንተ ነው ይለዋል። ቀኑ ደረሰ፣ ሰውየው አልሄደም። ሙግቱ ወደ ቃዲ ሹረይህ ቀረበ፤ ቃዲውም ማንም ሳያስገድደው ወዶ በራሱ ላይ ያስቀመጠው ሸርጥ ነውና ይክፈል ብለው ፈረዱ። በእስልምና ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በሪያድ ባደረገው ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 109 ይህን ነገር በዝርዝር አይቷል። መሠረቱ ዕዳ ባልሆነ ውል ላይ የቅጣት ሸርጥ ይፈቀዳል። ዕዳ ሲዘገይ የሚጨመር ቅጣት ግን ሪባ ነው፣ አይፈቀድም። በተፈቀደውም ቢሆን ካሣው ለእውነተኛ የገንዘብ ጉዳት ነው፤ ውሉ የፈረሰው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ወይም ጉዳት ካልደረሰ አይሠራም፤ ዳኛም መጠኑን ማስተካከል ይችላል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። ሸርጡ በመሠረቱ ሐራም አይደለም፤ ግን ወሰን አለው። ወሰኑ ሁለት ነው፦ ወዶ መስማማት እና እውነተኛ ጉዳት። ክርክራችን ሊቆም የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ቢሉን ስናነብ መጀመሪያ የስልኩን ዋጋና የአገልግሎቱን ክፍያ እንለይ። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ሁለቱን በተለያየ ውል ያስፈርማሉ። ስልኩን ወስደን በእጃችን ካለ ዋጋው ደይን ነው፤ ሳንጨቃጨቅ እንከፍላለን። አንድ ወንድማችን አዲስ ስልክ በኮንትራት ወስዶ ደሴ ላለች እህቱ ላከና በአራተኛው ወር «ኔትወርኩ አይሠራም በሉልኝ» ብሎ መጣ። ኔትወርኩ ይሠራ ነበር። ያንን ደብዳቤ አልጻፍንለትም። ሐቅን የምንጠይቀው በውሸት ከሆነ ሐቁን ራሱን አበላሸነው።

በሌላ በኩል እንግሊዝኛ የማታነብ እናታችን ነበረች። ቤቷ ስልክ ተደውሎ «የስ፣ የስ» ስትል ለአዲስ 24 ወር ታደሰባት። ልጇ ሲደርስበት ኮንትራቱን ለማቋረጥ ብዙ መቶ ፓውንድ ተጠየቀ። እዚህ ላይ የወዶ መስማማት ጥያቄ አለ፤ ሐቅም አለ። የጥሪው ቅጂ እንዲሰጣት በጽሑፍ ጠየቅን። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ክፍያውን ሰረዘው፤ አልሐምዱሊላህ።

የአገሩ ሕግም ከዚህ የፍትሕ ሐሳብ የራቀ አይደለም። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ከቅን ልቦና ውጭ ሚዛኑን በደንበኛው ላይ የሚያጋድል ሸርጥ አያስገድድም ይላል፤ ከመጠን ያለፈ ካሣ መጠየቅንም ፍትሐዊ ላይሆኑ ከሚችሉት መካከል ያነሳዋል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባ ኮንትራት በ14 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ይችላል፤ የተጠቀምንበትን ግን እንከፍላለን። ከጁን 2022 ጀምሮ ኩባንያው ከመፈራረሙ በፊት የውሉን ዋና ነጥቦች በአጭር ጽሑፍ መስጠት አለበት። ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ወዲህ በሚገቡ አዲስ ውሎች ደግሞ በመሀል የሚመጣ ጭማሪ በፓውንድና በፔንስ ቁርጥ ብሎ አስቀድሞ መነገር አለበት። በውሉ ያልነበረ ጭማሪ ከመጣ ያለ ቅጣት መውጣት ይቻላል፤ ማስታወቂያው እንደደረሰን ቶሎ ማሳወቅ ግን የኛ ድርሻ ነው።

አሠራሩንም እንናገር። ከማቋረጣችን በፊት «ኢንፎ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈን ወደ 85075 ብንልክ የማቋረጫ ክፍያችን ስንት እንደሆነ ይመጣልናል። ቁጥራችንን ይዘን ወደ ሌላ ኩባንያ ለመሄድ ደግሞ ፒ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ወደ 65075 እንልካለን። የሚመጣው ኮድ 30 ቀን ይሠራል፤ ካልተጠቀምንበት ኮንትራቱ እንዳለ ይቀጥላል። በመጠየቅ ብቻ የሚቋረጥ ነገር የለም።

ክፍያው ልክ አይደለም ካልን ቅሬታውን በጽሑፍ እናቅርብ፤ በስልክ የተባለን ነገር ነገ ማስረዳት ሊከብድ ይችላል። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን መጻፍ የሚያዘው ነው፤ መጻፍ የኛው ትምህርት ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ መቼ ተዋዋልን፣ ምን ተባልን፣ ምን ሆነ፣ ምን እንጠይቃለን። ኩባንያው ስለኛ የያዘውን መረጃና የተቀዳውን ድምፅ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ነፃ ነው፣ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መልስ ይገባዋል። ኩባንያው «የመጨረሻ መልሴ ይህ ነው» ካለ፣ ወይም ለዓመታት ስምንት ሳምንት ሆኖ የቆየው የመጠበቂያ ጊዜ ካለፈ፣ ጉዳዩን ኩባንያው አባል ወደሆነበት ገለልተኛ አካል፣ ለምሳሌ ወደ ኮሚዩኒኬሽንስ ኦምቡድስማን፣ መውሰድ ይቻላል። ለደንበኛው በነፃ ነው። እኛ ውሳኔውን ከተቀበልን ኩባንያው ይገደድበታል። ኦፍኮም ግን ተቆጣጣሪ እንጂ የግለሰብን ክስ የሚፈታ አይደለም፤ በከንቱ አንመላለስ።

ክርክሩ እስኪያልቅ ዳይሬክት ዴቢቱን ዝም ብሎ መዝጋት አይበጅም። ያልተከራከርንበትን እየከፈልን፣ የተከራከርንበትን ለይተን በጽሑፍ እናሳውቅ። ያልተከፈለ ሒሳብ በክሬዲት መዝገብ ላይ ዲፎልት ተብሎ ከተመዘገበ ስድስት ዓመት ይቆያል። ቤት ስንከራይ ይጠየቃል፣ ያለ ወለድ ቤት እንግዛ ስንልም የሐላል ፋይናንስ ድርጅቶቹ ያዩታል።

በጀመዓችን የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ አዲስ ለመጣ ዘመድ በራሳችን ስም ኮንትራት መፈረም። መርዳት ኸይር ነው፤ ነገር ግን በሕግ ባለዕዳው የፈረመው ነው። የተረዳው ሰው ከተማ ቀይሮ ሲጠፋ የረዳው ወንድም በኦቨርታይም ይከፍላል፤ ዝምድናም ይቆረጣል። እንግዳን መርዳት ከፈለግን ኮንትራት የሌለበት ሲም፣ በየወሩ የሚሞላውን፣ እንግዛለት። በስማችሁ የተፈረመላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ያ ቢል በአንገታችሁ ያለ አማና ነው። አላህ ያውቃል፤ ፈራሚውም ያውቃል።

መከራከር የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። «እንግዳ ሆነን በሰው አገር እንዴት እንካሰሳለን» ይላሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) እንግዳ ሆኖ በሐበሻ ምድር በነጃሺ ፊት ቆሞ ተከራክሯል። አልዋሸም፣ አልተሳደበም፣ አልፈራም። ጉዳዩን በእውነትና በአደብ አስረዳ፤ ንጉሡም ሰማው። ያ መንገድ የተከፈተው በአገራችን ነው። ስልክ ለሚያነሳው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛም እንዲሁ እንናገር፤ ሸርጡን የጻፈው እሱ አይደለም።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። የሚገባንን ዕዳ ማንም ሳያባርረን እንክፈል፤ የማይገባንን ደግሞ ሳንዋሽ በወረቀት እንጠይቅ። ደብዳቤ መጻፍ የከበደው ሰው ከጁሙዓ በኋላ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናነበዋለን፣ ኢንሻአላህ። እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶቻችንም የእናቶቻችንን ቢል አንድ ቀን ተቀምጠው ይዩላቸው፤ ሰደቃ ነው።

አላህ ዕዳችንን ያቃልልልን፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።