የውዴታ ሥራ ነጥብ ሲታሰርበት

በዚህ ሴሚስተር ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚሰጠው የጽሕፈት ትምህርት በአንደኛው ክፍል ርእሱ ሁሉ ጨዋታ ሆኗል። ተማሪው አንቀጽ ማያያዝንና ክርክር ማቅረብን የሚማረው ስለ ገበጣ፣ ስለ ገና፣ ስለ ሰንጠረዥና በእጅ ስልክ ስለሚጫወታቸው ጨዋታዎች እየጻፈ ነው። ይህን ያሰቡት መምህር ምስጋና ይገባቸዋል። ተማሪ በማያውቀው ነገር ላይ ጻፍ ሲባል የሌላውን ሰው ቃል ከመገልበጥ በቀር ምርጫ የለውም፤ በሚያውቀው ጨዋታ ላይ ጻፍ ሲባል ግን ቢያንስ የሚናገረው አያጣም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርቱን መንቀፍ አይደለም። አስተያየታችን ከትምህርቱ ጋር ተያይዞ የመጣውን፣ «በፈቃድ የሚሠራ ተጨማሪ ሥራ» የተባለውን፣ በተማሪው አፍ ግን ቦነስ የሚባለውን ነገር የሚመለከት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመቶው ነጥብ ውጭ ሦስት ሥራዎች ተዘርዝረዋል፤ ለእያንዳንዱም 2 ነጥብ ይጨመራል። አንደኛው፣ በልጅነት የተጫወቱትን የአንድ ጨዋታ ሕግ፣ ጨዋታውን ከቶ አይቶ የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊጫወት በሚችልበት አኳኋን መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ሂስ ማቅረብ ነው። ሦስተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የቼዝ ግጥሚያ ላይ ተገኝቶ የሁለት ገጽ ዘገባ መጻፍ ነው። ከዝርዝሩ በታች «ያልፈለገ ሊተወው ይችላል» የሚል ቃል ሰፍሯል።

በእርግጥ ሊተወው ይችላልን? 78 ያገኘ ተማሪ ውጤቱ ቢ ፕላስ ነው፤ 2 ነጥብ ቢጨመርለት 80 ሞልቶ ኤ ማይነስ ይሆናል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ በ3.50 እና በ3.75 መካከል ያለው ብቻ ነው። ነገር ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው ከጓደኞቹ ጋር በውጤት ተወዳድሮ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቦታው የተቈጠረ ነው፤ ለአንዱ የተጨመረው ነጥብ ሌላውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። እንግዲህ ጓደኛው 6 ነጥብ ሲለቅም እያየ «እኔ አልፈለግሁም» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ማን ነው? ስሙ ፈቃድ ይሁን እንጂ ግብሩ ግዴታ ነው።

ሁሉም ተማሪ እኩል ሊሠራው ቢችል ኖሮ ይህም ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫውቶ ለመጨረስ የራስ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ የቤተ መጻሕፍቱን መሣሪያ ለሰዓታት ይዞ መጫወት የሚፈቅድ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ለማግኘት በከተማው ውስጥ የሰው ልጅ የሚያስጠና ተማሪ አለ። ቅዳሜን በሃይማኖቱ የሚያከብርም አለ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ያነሰ ስለሚጽፉ አይደለም 4 ነጥብ የሚቀርባቸው። የጽሕፈት ችሎታን ይመዝናል የተባለው ሚዛን የሚመዝነው ትርፍ ጊዜንና ንብረትን ሆኗል ማለት ነው።

ከፍርዱ ሌላ፣ ነገሩ ለጨዋታው ራሱም አይበጅም። በርናርድ ሱትስ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መጫወት ማለት የግድ ያልሆነውን እንቅፋት በገዛ ፈቃድ ተቀብሎ ለማለፍ መጣር ነው። ፈቃዱ ከተነሣ የሚቀረው እንቅፋቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ትምህርት ቤት በ51 ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ምርመራ ገልጸው ነበር። ሕፃናቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውና ሥዕል መሣል የሚወዱ ነበሩ። ለአንደኞቹ «ብትሥሉ የጥሩ ተጫዋች ምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ተባለ፤ ሁለተኞቹ ሳይነገራቸው ከሣሉ በኋላ ተሰጣቸው፤ ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀለሙ ያለ ሽልማት በፊታቸው ሲቀርብ፣ አስቀድሞ ተስፋ የተሰጣቸው ሕፃናት ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የኮሌጅ ተማሪ ሕፃን አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ነጥቡ ከተመዘገበ በማግስቱ ስለ ጨዋታ አንድ መስመር የጨመረ ተማሪ ካለ ቢያሳዩን ደስ ይለናል።

«ነጥብ ከሌለው ማን ይጽፋል?» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር የአገራችንን ጨዋታ አለማወቅ ነው። በቀድሞው የሰንጠረዥ ጨዋታ ንጉሡን በኃይለኞቹ ጠጠሮች መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቈጠር ነበር፤ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስመሰግን ነበር። ድሉ ያው አንድ ድል ነው፤ ሆኖም ጥሩ ተጫዋች ለሙያው ክብር ሲል አስቸጋሪውን መንገድ ይመርጥ ነበር። ወደ ራሳችን ቤት ብንመለስም፣ በ1950ዎቹ በኮሌጅ ቀን የተነበቡት ግጥሞች፣ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ጭምር፣ የክፍል ሥራ ሆነው የተጻፉ አልነበሩም። የጻፏቸው የሚሉት ነገር ስለ ነበራቸውና የሚሰማቸው ጉባኤ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የጨዋታ ሕግ መጻፍ የሚለው ሥራ ከቦነስ ወጥቶ በመቶው ውስጥ ይግባ። ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና። ገበጣን እንመልከት፤ አንዱ የሚያውቀው ሁለት ረድፍና 12 ጉድጓድ ነው፤ ሌላው የሚያውቀው ሦስት ረድፍና 18 ጉድጓድ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባወጡት ጥናት ብዙ ዐይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ተማሪው «ይህን ማን የማያውቅ አለ» ብሎ የዘለለው ነገር ለአንባቢው እንቆቅልሽ መሆኑን ሲያይ፣ የጽሕፈትን የመጀመሪያ ትምህርት ያን ጊዜ ተማረ። እንዲህ ያለው ሥራ ለጥቂቶች የሚተው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ነጥብ ጐድሎበት ማሻሻል የሚፈልግ ተማሪ፣ የታረመለትን ጽሑፍ እንደገና ጽፎ እንዲያቀርብና አዲሱ ነጥብ በአሮጌው ቦታ እንዲተካለት ይፈቀድ። ለዚህ ከወረቀትና ከብዕር በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም፤ በሩም ለሁሉ ክፍት ነው። በመምህሩ ላይ የማረም ድካም እንደሚጨምር እናውቃለን፤ ነገር ግን የቦነሱን ወረቀት የማረሙ ድካም ስለሚቀር አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል።

ሦስተኛ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ሂስና የቼዝ ግጥሚያ ዘገባ ያለ ነጥብ ይቅሩ። ደስ ያለው ይጻፍ፤ መምህሩም አንብበው ሐሳባቸውን ይስጡት፤ ጥሩ ሆኖ የተገኘው በዚህ ጋዜጣ ላይ ይውጣ። ማንም ለምደባ ሲል አይጽፈውም፤ የሚጽፈው ግን ከልቡ ይጽፋል።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። ቦነስ ሲቀርብልን እየተሻማን፣ ሲቀርብን ደግሞ እያጉረመረምን ከኖርን፣ ጥፋቱን በመምህራን ላይ ብቻ መጣል አንችልም። የክፍሉ ተጠሪዎች ይህን ጉዳይ ከሴሚስተሩ አጋማሽ በፊት ለመምህሩ በአክብሮት ያቅርቡ። ሥራው ለትምህርቱ የሚጠቅም ከሆነ ለሁላችንም ይታዘዝ፤ ጨዋታ ከሆነም ነጥቡ ይነሣለትና ጨዋታ ሆኖ ይቅር።