«እኛ ከነሱ ጋር አንቆጠርም» ለምትሉን

ውድ ያገሬ ልጆች፣  የዛሬው ደብዳቤ ስለ ዶላር ምንዛሬ አይደለም፤ ስለ አንድ ልቦለድ ነው። እዚህ አሜሪካ ብዙ ልጆች ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» እንዲያነቡ ይታዘዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ሜይኮም በምትባል የአላባማ የፈጠራ ከተማ ይፈጸማል። የምትተርከው ስካውት የተባለች ነጭ ልጅ ናት። አባቷ አቲከስ ጠበቃ ነው፤ ነጭ ሴት ደፍሯል ተብሎ ለተከሰሰው ጥቁር ሠራተኛ ለቶም ሮቢንሰን ጥብቅና ይቆማል።

ችሎቱን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ከሳሿ የተመታችው በቀኝ ፊቷ በኩል ነው። አቲከስ አባቷን ስምህን ጻፍልኝ ይለዋል፤ ሰውየው በግራ እጁ ይጽፋል። ቶም ለመማል ሲቆም ደግሞ ግራ እጁ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አልረጋ ብሎ ይንሸራተታል፤ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ መኪና ይዞት የሰለለ እጅ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የስካውት ወንድም ጄም ከጥቁሮቹ ጋር ሰገነት ላይ ተቀምጦ፣ አለቀ፣ አሸነፍን ብሎ ነበር። አጠገቡ ያሉት ቄስ ግን ከነጭ ቃል የጥቁርን ቃል ያስበለጠ ጁሪ፣ ማለትም ከዜጎች የተመረጠ የፈራጆች ቡድን፣ አይተው አያውቁም። ቶም ጥፋተኛ ተባለ። ጄም አለቀሰ።

ፈጠራ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያው አላባማ፣ ስኮትስቦሮ ላይ፣ ዘጠኝ ጥቁር ታዳጊዎች ባቡር ውስጥ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፈሩ ተብለው ተከሰው ስምንቱ ወዲያው ሞት ተፈርዶባቸዋል። በኋላ ከሴቶቹ አንዷ ቃሌ ሐሰት ነበር ብላ መሰከረች፤ ጁሪው ግን እንደገና ጥፋተኛ አለ።

ሁሉም የሚያሞግሰው አቲከስን ነው። እኔን የምታሳስበኝ ካልፑርኒያ ናት፤ እናታቸው የሞተችባቸውን ልጆች የምታሳድገው ጥቁር ወጥ ቤት። ቤተ ክርስቲያኗ ስትወስዳቸው፣ እዚያ ሌላ አነጋገር እንዳላት ሰምተው ይገረማሉ። ቤቷን ግን መጽሐፉም አያሳየንም። (እናንተስ፣ ልጆቻችሁን ስላሳደገችው ሠራተኛ ቤት ምን ታውቃላችሁ?) ጥቁሮቹ ጥቂት ብቻ ይናገራሉ፣ ጀግናው ነጩ ነው ብለው የሚተቹት አንባቢዎች እውነት አላቸው። ቢሆንም ይነበብ እላለሁ።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በስልክ የምትሉን ነገር ነው። «እናንተ ሐበሻ ናችሁ፤ ከነሱ ጋር ምን አገናኛችሁ?» ትላላችሁ። እኛም አንዳንዶቻችን ይህንኑ ይዘን ነው የመጣነው። ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት ብሎ የመጣ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ከተማ ላይ ስኪንሄድ የሚባሉ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ያዩት ቆዳውን ነው፤ ሐበሻነቱ ምንም አላደረገለትም።

ለቤተሰቡ የተሟገተው ሞሪስ ዲስ የአላባማ ተወላጅ ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ጁሪው ገዳዮቹን በቀሰቀሰው የዘረኞች ድርጅትና በመሪው ላይ ጭምር የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ሜይኮም የነፈገችውን ፍርድ ፖርትላንድ ሰጠች፤ በመካከሉ ግን ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው ሲታገሉ ለዓመታት ተደብድበዋል፣ ታስረዋል፣ ሞተዋል።

የእኛም መግቢያ በር የተከፈተው በዚያው ትግል ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1924ቱ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ መሠረት ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን የኮታ ሥርዓት ያስቀረው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ጥቁሮች በአገሪቱ ደቡብ የመምረጥ መብታቸውን በሕግ ባስከበሩበት ዓመት።

እባካችሁ፣ ዲቪ የደረሰው ልጅ ካላችሁ ከመሳፈሩ በፊት ይህን መጽሐፍ አስነብቡት። «ከጥቁሮቹ ራቅ በል» የሚለውን ምክር ግን አታስይዙት።