ያለ ቲኬት የተሳፈሩ መንገደኞች

ከተማችን ሚኤሶ የመንገድ ልጅ ናት። የጥንቱ የጂቡቲ ምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በዚህ በኩል አልፎ ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡርም በዚሁ ያልፋል፤ የመኪናውም መንገድ እንዲሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መንገድ እንጀራ ያመጣል፤ ዘመድ ያገናኛል። ነገር ግን ከሰውና ከዕቃ ጋር ቲኬት ሳይቈርጡ ተደብቀው የሚሳፈሩ መንገደኞችም አሉ፤ እነርሱም የአረም ዘር፣ ነፍሳትና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። እኔ ለማስረዳት የምፈልገው፣ እንዲህ ያለው እንግዳ ሲመጣ ማንነቱን ቶሎ መርምሮ ማወቅ የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የእኛ የተማሪዎችም ተግባር መሆኑን ነው።

ነገሩን በምሳሌ ልግለጽ። የባቡራችን ሐዲድ በሚያበቃበት በጂቡቲ፣ በሙሻና በመስካሊ ደሴቶች ዙሪያ፣ ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጥረት ይገኛል። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን የባሕር ኑሮ ለማየት በመስታወት ገንዳ ጨዋማ ውሃ ሞልተው በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ለገንዳው ብለው ከባሕር የወጣ ድንጋይ ሲገዙ፣ በድንጋዩ ቀዳዳ የተሸሸገ ያላዘዙት ፍጥረት አብሮ ይመጣል። ሌሊት ጠጕራም ትል ሲሳብ ያያሉ፤ ወይም ከድንጋዩ ውስጥ የሚያንኳኳ ድምፅ ይሰማሉ። ያላወቀ ሰው ሁለቱንም ለመግደል ይቸኩላል። ያወቀ ግን ትሉ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍራፊ እየበላ ገንዳውን የሚያጸዳ አገልጋይ መሆኑን፣ የሚያንኳኳው ደግሞ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ እየመታ የሚሰባብር አጥፊ ሊሆን እንደሚችል ይለያል። እንግዲህ ፍርድ የሚሰጠው በመልክ ሳይሆን ማንነት ከተጣራ በኋላ ነው።

የእኛ ገንዳ እርሻችን ነው። በመንገድ ዳር፣ በሐዲድ ዳርና በማሽላ ማሳ ውስጥ የሚበቅለውን፣ ቅጠሉ የካሮት ቅጠል የሚመስለውን፣ በአናቱ ላይ ጥቃቅን ነጭ አበባ የሚያወጣውን አረም የማያውቅ የለም። በአማርኛ ቅንጬ አረም፣ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይባላል፤ ይኸውም ገበሬውን ማሳህን ልቀቅ ብሎ የሚያስፈርም እንደ ማለት ነው። ሊቃውንት ፓርቴኒየም ይሉታል፤ የትውልድ አገሩም አሜሪካ ነው። በአገራችን መኖሩ የተገለጸው በ1988 በድሬዳዋና በሐረርጌ ነበር። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ሳይነቀል ከተተወ የማሽላን ምርት ከመቶ ከ40 እስከ 97 እጅ ድረስ እንደሚቀንስ ታውቋል። ከብት ሲበላው ወተቱ ይመራል፤ ቆዳም ያሳክካል።

ይህ አረም እንዴት መጣ? አንዳንዶች በ1980ዎቹ ከእርዳታ እህል ጋር ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በ1977 የጦርነት መኪናዎች ጎማ ላይ ነው ይላሉ። የመጀመሪያዋን ቡቃያ ያየ ሰው ቀኑንና ቦታውን ስላልጻፈ ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ። አያቴ የሜዳውን ሣርና ቍጥቋጦ ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። የዚህን አረም ነገር ስጠይቃቸው ግን «ይህ ከእኛ ጋር አላደገም» ይሉኛል። እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን እንግዳነቱን ያውቁ ነበር፤ የጐደለው የሚጠይቃቸውና የሚጽፍ ሰው ነው።

ሁለተኛዋ መንገደኛ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ናት። አገሯ ወደ ህንድና ወደ ዓረብ ምድር ነው። በ2012 በጂቡቲ ታየች፤ በዚያ ዓመት በጂቡቲ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ሲሆን በ2020 ከ70 ሺህ በላይ ሆነ። በአገራችን በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ማንነቷም በአጕሊ መነጽርና በዘር ምርመራ ተረጋገጠ። የእኛዋ የወባ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ትወዳለች፤ ይህቺ ግን በከተማ በበርሜልና በታንከር ውሃ ውስጥ በበጋም ትራባለች። ስሟ በ2016 ቢታወቅም፣ በ2022 መጀመሪያ ወራት በጎረቤታችን በድሬዳዋ ከ2 ሺህ 400 በላይ ሰዎች በወባ ታመሙ። ስለዚህ ስም በሊቃውንት መዝገብ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ ውሃ ቀድታ በርሜል እስከምትሞላው እናት ድረስ መድረስ አለበት።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል? አረም አረም ነው፤ መንቀል ነው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አንዱ የቅንጬ አረም ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ያወቀው ገበሬ አበባ ሳያወጣ፣ እጁን ሸፍኖ ይነቅለዋል፤ ያላወቀው ግን ዘር ከያዘ በኋላ ነቅሎ በማሳው ላይ ሲጐትተው ነቀልኩ እያለ ይዘራል። ደግሞም ይህን አረም የሚበላ፣ ክንፉ ቡናማ መስመር ያለበት የሜክሲኮ ጥንዚዛ በ2016 በወለንጪቲ ተለቋል። ኑግ ለአረሙ የሥጋ ዘመድ ስለሆነ፣ ጥንዚዛው ሰብላችንን እንዳይጐዳ አስቀድሞ በአምቦ ተዘግቶበት ተመርምሯል። እንዲህ ያለው ረዳት ነገ ወደ እኛ ቢደርስ፣ የማያውቀው ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን «የእንግዶች መዝገብ» የሚባል አንድ ደብተር እንዲከፈት አሳስባለሁ። ያላወቅነውን ተክል ወይም ነፍሳት ስናይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ መልኩንና ሽማግሌዎች ያሉትን እንጻፍ። ተክሉን በጋዜጣ መካከል አድርቀን፣ ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ሊቃውንት በመምህራኖቻችን በኩል እንላክ። በየቤታችንም በርሜሉን እንመልከት፤ የወባ ትንኝ እጭ እንደ ተኛ ገለባ በውሃው ፊት ላይ አግድም ይንሳፈፋል፤ የሌሎቹ ትንኞች ግን ራሱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ይህን ለመለየት ዓይንና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፤ ለዚህ ሥራ በሳምንት አንድ ሰዓት ፍቀዱልን። የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ስለ ሣርና ስለ ነፍሳት ሲጠይቁአችሁ አትሰልቹ፤ ያላችሁ ዕውቀት በመጻሕፍት ያልተጻፈ ነውና። ጓደኞቼ ሆይ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በአገራችን ባህል እንግዳን ከወዴት መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገ ከባቡር ለሚወርደውም ይህን ጥያቄ ቀድመን እናቅርብለት።